ሲሊንደር ከመግዛትዎ በፊት ትከሻውን ያንብቡ

ከአዲስ አበባ ሐዋሳ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በዚህ መንገድ ሃምሳ የኦክስጅን ሲሊንደር ጭኖ የሚወርድ የአይሱዙ ሾፌር ምን እንደጫነ ቢጠየቅ፣ ያለማመንታት «ኦክስጅን» ይላል። ሂሳቡን ቁጭ ብሎ ለሚያሰላ ነጋዴ ግን መልሱ ሌላ ነው። የተለመደው ባለ 40 ሊትር የብረት ሲሊንደር ባዶውን ከ50 እስከ 60 ኪሎ ይመዝናል። በ150 ባር ግፊት ሲሞላ የሚይዘው ኦክስጅን 6 ሜትር ኩብ፣ በክብደት ደግሞ 8 ኪሎ ገደማ ነው። እንግዲህ መኪናው የጫነው 400 ኪሎ ጋዝና ወደ ሦስት ቶን የሚጠጋ ብረት ነው ማለት ነው። ሲመለስም ያንኑ ብረት ባዶውን ተሸክሞ ይወጣል።

የዚህ ንግድ ካፒታል ብረቱ ነው። ጋዙ በየሳምንቱ ይመጣል፣ ይሄዳል። ሲሊንደሩ ግን በአግባቡ ከተያዘ ለአሥርተ ዓመታት ያገለግላል፤ ካልተያዘ ደግሞ ባለቤቱን ይዞ ሊጠፋ ይችላል። ይሁንና በገበያችን ሲሊንደር ሲሸጥና ሲለወጥ ክርክሩ የሚበዛው በጋዙ ዋጋ ላይ ሲሆን፣ የብረቱን ዕድሜ የሚጠይቅ ገዢ ጥቂት ነው። ለዛሬ በዚህ ገጽ የምናነሳው ይህንኑ ጉዳይ ነው።

ከሐዋሳ ስምንት ክፍለ ከተሞች አንዱ በሆነው በታቦርም ሆነ በሌሎቹ፣ ብየዳ ባለበት ሁሉ ኦክስጅን፣ ጎሚስታ ባለበት ሁሉ ኮምፕሬሰር፣ ሐኪም ቤት ባለበት ሁሉ ሲሊንደር አለ። ከተማዋ ሐምሌ 2008 ዓ.ም. የኢንዱስትሪ ፓርኳ ተመርቆ፣ ሰኔ 2012 ዓ.ም. ደግሞ የሲዳማ ክልል ሲመሠረት መቀመጫው ሆናለች። በሐይቁ ዳር ለእንግዶች መዝናኛ የሚያስቡ ባለሀብቶችም አሉ። እነዚህ ሁሉ በአንድ ነገር ይገናኛሉ፤ ይኸውም በከፍተኛ ግፊት የታመቀ አየር ወይም ጋዝ የያዘ ብረት ነው።

ትከሻው ምን ይላል?

የሲሊንደር መታወቂያው ቀለሙ አይደለም። ቀለም ማንም ሰው በአንድ ከሰዓት ቀብቶ ያድራል። መታወቂያው ከቫልቩ ሥር፣ በትከሻው ላይ በማኅተም የተመታው ጽሑፍ ነው። እዚያ ላይ የአምራቹ ምልክት፣ የተሠራበት ደረጃ፣ መለያ ቁጥሩ፣ በሊትር የሚይዘው መጠን፣ ባዶ ክብደቱ፣ የሥራ ግፊቱ፣ የፍተሻ ግፊቱና የተፈተሸባቸው ወርና ዓመታት ይገኛሉ።

እዚህ ላይ ሁለት የተለመዱ ስህተቶች አሉ። የመጀመሪያው የዘመን አቆጣጠር ነው። ማኅተሙ የሚመታው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው። «06 15» የሚል ጽሑፍ ያየ ገዢ በእኛ 2015 ዓ.ም. ነው ብሎ ከወሰደው፣ ሲሊንደሩን ከእውነተኛ ዕድሜው በሰባት ዓመት ወጣት አድርጎ ገዛው ማለት ነው። ሁለተኛው የግፊት መለኪያው ነው። ከቻይና በሚመጡት ላይ «ደብሊው ፒ 15» እና «ቲ ፒ 22.5» የሚሉ ጽሑፎች ይገኛሉ። የመጀመሪያው የሥራ ግፊት፣ ሁለተኛው የፍተሻ ግፊት ሲሆን ልኩ በሜጋ ፓስካል ነው። 15 ሜጋ ፓስካል 150 ባር፣ በእንግሊዞቹ ልክ ደግሞ 2,175 ፒ.ኤስ.አይ. ነው። ይህንን ሲሊንደር ከባለ 200 ባሩ ጋር አቀላቅሎ በ200 ባር የሚሞላ ሰው ከተፈቀደው በሲሶ አልፎ፣ ወደ ፍተሻው ግፊት ተጠግቶ እየሠራ ነው።

ከጽሑፉ ቀጥሎ ሚዛን ነው። ትከሻው ላይ 55 ኪሎ የሚል ሲሊንደር ባዶውን ተመዝኖ 52 ኪሎ ቢመጣ፣ ሦስቱ ኪሎ ብረት የት ሄደ? ክብደቱ የተመዘነው ከነቫልቩ ነው ወይስ ያለ ቫልቩ የሚለው ከተጣራ በኋላ፣ ለቀረው ልዩነት መልሱ ብዙውን ጊዜ ዝገት ነው። ሰውነቱንም ይዳስሱ። ጎድጎድ ያለ፣ የተፋቀ ወይም ታቹ የዛገ ካለ ጥያቄ ያንሱ። እሳት ያየ፣ የብየዳ ኤሌክትሮድ የነካው፣ ወይም ደግሞ ማንጠልጠያ ይሁን ተብሎ በሰውነቱ ላይ ብረት የተበየደበት ሲሊንደር ከገበያ መውጣት አለበት። ኤሌክትሮድ የነካት ትንሽ ነጥብ ለዓይን ምንም አትመስልም። ብረቱ ግን እዚያች ነጥብ ላይ ጠንክሮ ተሰባሪ ይሆናል።

ፍተሻው ለምን በውኃ?

ሲሊንደር በተወሰነ ዓመት እየተፈተሸ እንዲታደስ ዓለም የተስማማበት አሠራር ነው። በአሜሪካ ደንብ የተለመዱት የብረትና የአሉሚኒየም ሲሊንደሮች በየ5 ዓመቱ ይፈተሻሉ። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የአደገኛ ዕቃዎች ማጓጓዣ መመሪያ ለኦክስጅንና ለታመቀ አየር እስከ 10 ዓመት ይፈቅዳል። በካርቦን ፋይበር የተጠቀለሉት ቀላል ሲሊንደሮች ግን አብዛኞቹ የ15 ዓመት ዕድሜ ብቻ የተሰጣቸው ናቸው፤ ከዚያ በኋላ ፍተሻም አያድናቸውም።

አሠራሩ የተራቀቀ አይደለም። ጋዙ ይወጣል፣ ቫልቩ ይፈታል፣ ውስጡ በመብራት ይታያል። ከዚያም ሲሊንደሩ ውኃ ተሞልቶ፣ ውኃ በያዘ ሌላ ጋን ውስጥ ይገባና ከሥራ ግፊቱ አንድ ጊዜ ተኩል ያህል በሚሆን ግፊት ይጨናነቃል። ብረቱ በጥቂቱ ይነፋል፤ ግፊቱ ሲለቀቅም ወደ ቦታው መመለስ አለበት። በአሜሪካ አሠራር ሳይመለስ የቀረው መጠን ከጠቅላላው መነፋት ከ10 በመቶ ከበለጠ ሲሊንደሩ ይወድቃል። ካለፈ ውስጡ በደንብ ደርቆ አዲሱ ቀን በትከሻው ላይ ይመታል።

ለምን በውኃ? ውኃ በግፊት ብዛት አይታመቅም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ብረቱ ቢሰነጠቅ ውኃው ፈስሶ ያበቃል። አየር ግን እንደ ተጠቀለለ ስፕሪንግ ነው። በ150 ባር የተሞላ ባለ 40 ሊትር ሲሊንደር ቢፈነዳ የሚለቀው ጉልበት ከሩብ ኪሎ ቲኤንቲ ጋር ይቀራረባል። «እኔ በኮምፕሬሰር ሞልቼ ፈትሼዋለሁ» የሚል ሻጭ ካጋጠመዎ፣ ሰውየው የነገረዎ ዕድለኛነቱን ነው።

ሃምሳ ሲሊንደር ያለው ነጋዴ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ማስፈተሽ ይከብደዋል። በ5 ዓመት ዙር ከሄደ ግን በዓመት አሥር፣ በ10 ዓመት ዙር ከሄደ በዓመት አምስት ብቻ ነው። ወጪውን እንዲህ ከፋፍሎ ከመሙያው ጉዞ ጋር ማያያዝ ይቻላል። ለዚህም በመለያ ቁጥር የሚሠራ አንድ ደብተር ብቻ ይበቃል።

ሙቅ ሲሊንደር የሚሸጠው ሙቀት ነው

አየር በፍጥነት ሲታመቅ ይሞቃል። ይህ ለደኅንነት ብቻ ሳይሆን ለኪስም ጉዳይ ነው። በችኮላ 200 ባር ላይ የተሞላና ሙቀቱ 60 ዲግሪ የደረሰ ሲሊንደር፣ አድሮ ወደ 20 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ ጌጁ 176 ባር ያሳያል። 12 በመቶው የት ሄደ? የትም አልሄደም፤ መጀመሪያውኑ አልነበረም። ስለዚህ ገዢ በእጁ ዳስሶ ትኩስ የሆነውን ሲሊንደር ሳይቀዘቅዝ በጌጅ አይረከብ። ሻጭም ያጎደለውን ለማካካስ ብሎ ከሥራ ግፊቱ አሳልፎ አይሙላ። መፍትሔው ቀስ ብሎ መሙላት፣ አቀዝቅዞ ማሟላት ነው። የተሞላውንም ፀሐይ ላይ አለማሰጣት ነው። በ15 ዲግሪ 150 ባር የነበረው ብረቱ 50 ዲግሪ ሲደርስ 168 ባር ይሆናልና።

ኮምፕሬሰር ለመግዛት የሚያስብ ሰው የከተማውን ከፍታ በሂሳቡ ያስገባ። ሐዋሳ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሯ በባሕር ዳርቻ ካለው አምስት እጅ አራት እጁን ያህል ነው። በአምራቹ ወረቀት ላይ አንዱን ሲሊንደር በ20 ደቂቃ ይሞላል የተባለው ማሽን እዚህ ወደ 25 ደቂቃ ይፈጅበታል። ከአዲስ አበባ ግን ይሻላል፤ እዚያ አየሩ ከአራት እጅ ወደ ሦስት እጅ ይወርዳልና።

የአየር ሲሊንደር ትልቁ ጠላት እርጥበት ነው። ሞቅ ባለ ቀን አንድ ሲሊንደር ለመሙላት በሚሳበው 6 ሜትር ኩብ አየር ውስጥ እስከ 80 ግራም የሚደርስ ውኃ በተን መልክ ሊኖር ይችላል፤ አንድ ሲኒ ቡና ያህል ማለት ነው። ማድረቂያው ካልያዘው ውኃው በብረቱ ውስጥ ተጠራቅሞ ከውስጥ ይበላዋል። ውጪው አዲስ ቀለም የለበሰ፣ ውስጡ ግን የሳሳ ሲሊንደር የሚፈጠረው እንዲህ ነው። ስለዚህ የማጣሪያውን ኬሚካል በሰዓት ቆጥሮ መለወጥ፣ በየጊዜው ውኃውን ማንጠፍ የግድ ነው። ተጠቃሚም ሲሊንደሩን እስከ መጨረሻው አያራቁት፤ ሁለት ባር ያህል አስቀርቶ ቫልቩን ይዝጋ። ክፍት የተተወ ባዶ ሲሊንደር የውጭውን እርጥበት እየሳበ ያድራል።

ዘይትና ኦክስጅን

የታመቀ አየርና ኦክስጅን በአንድ ዓይነት ብረት ስለሚያዙ ብቻ አንድ ይመስላሉ፤ አይደሉም። ኦክስጅን ራሱ አይነድም፤ ሌላውን ግን ያነዳል። በከፍተኛ ግፊት ያለ ኦክስጅን ዘይት ወይም ግራሶ ካገኘ ክብሪት ሳይጫር ሊቀጣጠል ይችላል። «ቫልቩ ጠበቀብኝ» ብሎ ግራሶ የሚቀባ ረዳት አንድ ጋራዥ ሊያቃጥል ይችላል። በኦክስጅን ጎማ መንፋት፣ ከልብስ ላይ አቧራ ማራገፍ፣ የአየር መፍቻ ማሠራትም እንዲሁ ክልክል ነው። ለተራ አየር የተሠራ ዘይት ያለበት ኮምፕሬሰር ለኦክስጅን ፈጽሞ አይሆንም። በአየር ሲሠራበት የኖረ ሲሊንደርም በባለሙያ ሳይጸዳ ወደ ኦክስጅን አይዛወርም።

የዚህ አደጋ መጠን ምን ያህል እንደሆነ ዓለም ሚያዝያ 16 ቀን 2013 ዓ.ም. በባግዳድ አይቷል። በኢብን አል ኻጢብ ሆስፒታል ከኦክስጅን ሲሊንደር ተነሥቷል የተባለው እሳት ከ80 በላይ ሰዎች ገድሏል።

ብየዳ ቤቶች ለአሲቲሊን የተለየ ጥንቃቄ ያድርጉ። አሲቲሊን በሲሊንደሩ ውስጥ የሚቀመጠው በአሴቶን ሟሙቶ ነው። ስለዚህ ቆሞ ይቀመጣል፣ ቆሞ ይሠራበታል፤ ከአንዱ ሲሊንደር ወደ ሌላው መገልበጥ ደግሞ ፈጽሞ አይሞከርም።

ሐኪም ቤትና ጋራዥ አንድ ገበያ አይደሉም

የመጀመሪያው የኮቪድ በሽተኛ በአገራችን መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ከተገኘ ወዲህ የኦክስጅን ነገር የሁሉም ሰው ጉዳይ ሆነ። ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ግን ከዚያ አስቀድሞ፣ በ2008 ዓ.ም.፣ የሕክምና ኦክስጅንን ለማስፋፋት ብሔራዊ ፍኖተ ካርታ አውጥቶ ነበር። ለሐኪም ቤት የሚተከሉት ማሽኖች አብዛኞቹ ከአየር ናይትሮጅኑን በዚዮላይት አስቀርተው፣ ንጽሕናው 93 በመቶ ገደማ የሆነ ኦክስጅን የሚሰጡ ናቸው። ለታካሚ ይህ በቂ ነው።

አንዳንድ ባለሀብት ታዲያ «ይህንኑ ማሽን ተክዬ የተረፈውን ለጋራዥ እሸጣለሁ» ብሎ ያቅዳል። እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። ብረት ለመቁረጥ የሚፈለገው ኦክስጅን ንጽሕናው 99.5 በመቶና ከዚያ በላይ ነው። ንጽሕናው በአንድ በመቶ ሲቀንስ የመቁረጥ ፍጥነቱ በ25 በመቶ ያህል እንደሚወርድ፣ የጋዝ ፍጆታውም በዚያው ልክ እንደሚጨምር የብየዳ ባለሙያዎች ይናገራሉ። እንግዲህ 93 በመቶውን የገዛ በያጅ ሁለተኛ አይመለስም። ለጋራዡ ገበያ የሚሆነው አየርን አቀዝቅዞ ወደ ፈሳሽነት በመለወጥ የሚሠራው ፋብሪካ ሲሆን ካፒታሉም በዚያው መጠን ከፍ ያለ ነው።

በእኛ ግምት ከመሙያው በፊት የሚቀድመው ሥራ የፍተሻ ጣቢያ ነው። የሚያስፈልገው የውኃ ጋን፣ ከፍተኛ ግፊት ያለው ፓምፕ፣ ሚዛን፣ የውስጥ መብራት፣ ማድረቂያ፣ ልኩ የተረጋገጠ ጌጅና የሠለጠነ ሰው ነው። በ2003 ዓ.ም. የቀድሞው የኢትዮጵያ ጥራትና ደረጃዎች ባለሥልጣን ሲከፈል የሥነ ልክ፣ የደረጃ፣ የተስማሚነት ምዘናና የአክሪዲቴሽን ሥራዎች የየራሳቸውን ተቋም አግኝተዋል። ፍተሻ ልጀምር የሚል ባለሀብት መጀመሪያ የሚያንኳኳው የእነዚህን በር ነው። እውቅና የሌለው ጣቢያ የሚመታው ቀን ጌጥ ነውና።

ለጨዋታ የሚሆን አየር

በቀለም ጥይት የሚካሄደው ፔይንትቦል የሚባለው ጨዋታ እ.ኤ.አ. በ1981 በአሜሪካ ኒው ሃምፕሻየር ተጀመረ። የመጀመሪያው መሣሪያ ለዛፍና ለከብት ምልክት ማድረጊያ የተሠራ ነበር። ያኔ የሚሠራው በካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲሆን፣ የዚህ ጋዝ ግፊት በአየሩ ሙቀትና ቅዝቃዜ ስለሚዋዥቅ በኋላ ብዙዎች ወደ ታመቀ አየር ዞሩ። በታቦር ግርጌም ሆነ በሐይቁ ዳር እንዲህ ያለ መዝናኛ ለመክፈት የሚያስብ ሰው፣ ከሜዳውና ከመሣሪያው ቀድሞ የአየሩን ሂሳብ ይያዝ።

የተጫዋቹ ሲሊንደር ትንሽ ነው፤ የተለመደው 1.1 ሊትር ያህል ይይዛል። ግፊቱ ግን 200 ወይም 300 ባር ነው። ከአንድ ባለ 40 ሊትር፣ 200 ባር ትልቅ ሲሊንደር ባዶ ትንንሾችን ቢሞሉ፣ ከ150 ባር በላይ የሚያገኙት አሥሩ ብቻ ናቸው። በዚያን ጊዜ ትልቁ ሲሊንደር ውስጥ ሦስት አራተኛው አየር ገና አለ! ባለሙያዎች ሦስት ወይም አራት ትልልቆችን በተራ አያይዘው፣ መጀመሪያ ከዝቅተኛው ግፊት፣ መጨረሻ ከከፍተኛው የሚሞሉት ለዚህ ነው። በአንድ ሲሊንደር የጀመረ ሰው ሦስት አራተኛውን አየር ወደ መሙያው መልሶ ይጭናል።

የጥንቃቄው ሕግ ከጋራዡ አይለይም። ቀኑ ያለፈበት አይሞላ። በካርቦን ፋይበር የተጠቀለለው ጭረቱ ከተቆረጠ ወይም ዕድሜው ከሞላ ይወገድ። በመሙያው አፍ ላይ ዘይት አይደረግ። ግፊት ሲበዛ ተበስታ አየሩን የምታስወጣውን የደኅንነት ዲስክ ማንም በሌላ ነገር አይተካት። ሲሊንደሩ ከመሣሪያው ሲፈታም የሚዞረው ሲሊንደሩ ከነቫልቩ መሆን አለበት። ቫልቩ ከሲሊንደሩ መላቀቅ ከጀመረ ሲሊንደሩ እንደ ሮኬት ይወረወራል፤ በአሜሪካ በዚህ ምክንያት ሰው ሞቷል። መሙያው ክፍል ደግሞ ተጫዋች የማይገባበት፣ የሠለጠነ አንድ ሰው ብቻ የሚሠራበት ይሁን።

ሕጉና ውሉ

«አደጋው በእኔ ጥፋት አልደረሰም» የሚለው መከራከሪያ በዚህ ንግድ ብዙ ርቀት አያስኬድም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2069 ፈንጂ ነገር በማስቀመጥ ወይም ከፍ ያለ አደጋ ያለበት የኢንዱስትሪ ሥራ በመሥራት ሌላውን ለአደጋ ያጋለጠ ሰው፣ ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ እንዲሆን ይደነግጋል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ደግሞ በሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳት አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ተጠያቂ መሆኑን ይናገራል። ሲሊንደሩን ያቀረበ፣ የሞላና ያሠራ ሰው እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ቢያስታውስ ይጠቅመዋል።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነውና፣ ደላላም ሆነ ገዢ ውል ሲያስር ሦስት ነገሮችን በጽሑፍ ያስፍር። አንደኛ፣ የእያንዳንዱ ሲሊንደር መለያ ቁጥር፣ የሥራ ግፊትና የመጨረሻው የፍተሻ ቀን፣ ቀኑ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ጭምር። ሁለተኛ፣ ቀኑ ያለፈበት ካለ የፍተሻውን ወጪ ማን እንደሚሸፍን። ሦስተኛ፣ በፍተሻው የወደቀው ሲሊንደር ዋጋው ተመላሽ እንደሚሆን። ሻጩ ሦስተኛውን አልፈርምም ካለ ስለ ዕቃው የሚያውቀውን ነግሮዎታል ማለት ነው።

የወደቀውንም ሲሊንደር ለቆራሌው ከመስጠትዎ በፊት ጋዙ መውጣቱን ያረጋግጡ። ቫልቩን አስፈትተው፣ ሰውነቱን አስበስተው ወይም ለሁለት አስቆርጠው ይስጡ። ሙሉ ሆኖ የወጣ ሲሊንደር ቀለም ተቀብቶ ተመልሶ ለእርስዎ ሊሸጥ ይችላል። በትከሻው ላይ በሥራ ላይ ያለ ቀን የሌለው ሲሊንደር እስኪፈተሽ ድረስ የሚያወጣው የብረቱን ዋጋ ነው፤ ሂሳቡም በኪሎ ይሁን።